ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ሰኔ 12

ዛሬ ከችሎት አስወጡኝ። በፖሊስ! አሥራ ስድስት ዓመት በብቸና ፍርድ ቤት በር ላይ ሸራ ወጥሬ የሰው በደል ስጽፍ የኖርኩትን እኔን ፈንታነሽን፣ እንደ ሰካራም ክንዴን ይዘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ላስመረራት አንዲት ሴት ማመልከቻ ጽፌላት ነበር። «ባለቤቴ በጠጣ ቁጥር ይመታል» ብዬ። ሰውየው እሷን ልጆቹን አይመርጥም፤ ስለዚህ «ይመታል» አልኩ እንጂ «ይመታኛል» ብል ልጆቹ የት ሊገቡ ነው? አዲሱ የችሎት ጸሐፊ ተነሳና «መ»ንም «ታ»ንም ረግጦ፣ አጥብቆ አነበበው። ባልየው በጠጣ ቁጥር ሰው የሚደበድበው ምስኪን ሆኖ ቁጭ አለ! ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ባልየው ራሱ ሳቀ። እኔ ከኋላ ወንበር ብድግ ብዬ «አላላው! ላልቶ ነው የሚነበበው አንተ ልጅ!» አልኩ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሴትዮ፣ እዚህ የሚያነበው ማን ነው?»

«የሚያውቅ ሰው ቢሆንማ ጥሩ ነበር ጌታዬ።»

ይኸው ነው። በክንዴ።

ፊደላችን ሁሉ ነገር አለው፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚለይበት ምልክት ግን የለውም። «ይመታል» ብለህ ትጽፋለህ፣ መቺ ይሁን ተመቺ የሚፈርደው አንባቢው ነው። ይኼን ከማንም ዩኒቨርሲቲ አልተማርኩም። እኔን ከአራተኛ ክፍል ነው ያስወጡኝ፤ የቀረውን ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ለቀምኩት።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። «ይመታናል» ብል ኖሮ እርግጥ... አይደለም። የእኔ አይደለም።

ሰኔ 14

ከሸራዬ አጠገብ ቢሮ የከፈተው ጠበቃ ፍቅረ ሥላሴ (ፈቃድ ያለው፣ ክራቫት ያለው፣ ደንበኛ የሌለው) ሰው ሰብስቦ ስለኔ ሲያወራ ሰማሁት። «ይቺ ሴትዮ ጠዋት ለከሳሽ ትጽፋለች፤ ከሰዓት ደግሞ ለተከሳሹ መልስ ትጽፋለች። በቀጭን ገመድ ላይ ነው የምትሄደው። አንድ ቀን መውደቋ አይቀርም።»

ብቅ አልኩና «አንተ ምን አስጨነቀህ ፍቅሬ? መሬት የተኛ ሰው አይወድቅ!» አልኩት። ሳቁበት። እሱም ሳቀ፤ እሱ ነው ያናደደኝ።

ከሥራ በኋላ ዘሚራ ሱቅ ተቀመጥኩ። ዘሚራ የሞጣ ልጅ ናት፤ አያት ቅድመ አያቶቿ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ። እዚህ ብቸና ተድራ መጣች። የአባቷ ቤት ከእናቴ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው። በዚህ ከተማ «ፈንቴ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ልጇ ሳብሪያ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ፤ አንድ ፈረንጅ ረጅም ዱላ አግድም ይዞ በሁለት ፎቅ መሀል በተዘረጋ ገመድ ላይ ይሄዳል።

«ለምንድን ነው የማይወድቀው?» አልኳት።

«ገመዱ ስለተወጠረ ነው እትዬ። ትንሽ ቢላላ አለቀለት።»

«ዱላውስ?»

«ሚዛን መጠበቂያው ነው።»

ዘሚራ ከሂሳቡ መስኮት ሆና «የፈንቴ ዱላ ምላሷ ነው» አለች፣ ሦስታችንም ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው አላሳቀኝም። ያን ሰውዬ ከታች ስንት ሕዝብ አንጋጦ ያየዋል። እኔ ብወድቅ ማን ያያል?

ሰኔ 20

ችኩል ነኝ። የዘሚራ ወንድም ኡበይዳ በአይሱዙው ከሞጣ ገባ። እናቴ ወድቃለች አለ። ከቅዳሴ ስትመለስ፣ በራፏ ላይ። ግራ ጎኗ አይሰማትም። ሞጣ ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንቱ ነው። አጠገቧ ያለችው ታናሽ እህቴ ጥሩአየሁ ናት። እንደ ሁልጊዜው።

እኔ ምን አገባኝ። ያን ደጅ ካየሁት አራት ዓመቴ።

ሰኔ 21

ኡበይዳ ነገ ይመለሳል። ለጥሩአየሁ ወረቀት ልልክ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድኩ። ለማንም ሰው ሦስት ገጽ ስጽፍ እጄ የማይዝል ሴትዮ፣ ለእህቴ የተረፈችኝ አንዲት ቃል ናት።

«ልምጣ?»

ሰኔ 29

መልስ መጣ። ከደብተር የተገነጠለ ቅጠል፣ የጥሩአየሁ የዶሮ ጭረት። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

አትምጪ እናታችን አለች

አለቀ። ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ፣ ሰላምታ የለ። «አትምጪ» ብላለች እናታችን። አራት ዓመት ሙሉ «በቁሜ ደጄን እንዳትረግጪ» ስትል የኖረች ሴትዮ፣ ግማሽ ጎኗ ሲሞት ቃሏ አልሞተም። ይሁን! እኔም የሷው ልጅ ነኝ። አልረግጥም።

ወረቀቱን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። ለዘሚራም አላሳያትም። የወለደችኝ አባረረችኝ ብዬ ለማን ነው ጮክ ብዬ የማነበው?

ሐምሌ 3

ዝናብ። ሸራው አፈሰሰ። አንድ ሰው አልመጣም። ከማን ጋር ስጨቃጨቅ እንደዋልኩ ታውቃለህ ደብተር? ከዝናቡ ጋር። እሱም ያቋርጠኛል።

ሐምሌ 7

ዘሚራ አፋጠጠችኝ። «የእማማ ነገር እንዴት ሆነ? ያ ወረቀት ምን ይላል?»

«ደህና ናት ይላል።»

«ታዲያ አትሄጂም?»

«መንገዱን እያየሽው!»

«መንገዱ ኡበይዳን አስቀርቶታል?»

«ኡበይዳ ወንድ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሴት የሆንሽው?» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ደንበኛ ይጠብቀኛል ብያት ወጣሁ። ሸራው ሥር ማንም አልነበረም። ማንም እንደማይኖር አውቅ ነበር።

ሐምሌ 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ አላባራም፤ ከቤት አልወጣሁም። ፍቅረ ሥላሴ ያን የገመድ ወሬውን ካወራ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አባቴ ባንተአምላክ ገመድ ሳቢ ነበር። ከሞጣ ወደ ዓባይ ስትወርድ ሰባራ ድልድይ አለ፤ መካከሉ የተቆረጠ የድንጋይ ድልድይ። ኋላ ተንጠልጣዩ ድልድይ ተሠራ እንጂ፣ ያኔ ከጎጃም ወደ በጌምድር ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ወገብህን ትታሰራለህ። ከወዲህ ጎበዞች ይይዛሉ፣ ከወዲያ ጎበዞች ይይዛሉ። አንተ መሀል ላይ፣ ዓባይ ከእግርህ ሥር እያገሳ።

እናቴ የወዲያ ማዶ፣ የእስቴ ልጅ ናት። ለአባቴ ተድራ ስትመጣ በዚያ ገመድ ነው የተሻገረችው፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ። በወዲያ በኩል የያዙት ወንድሞቿ ናቸው፤ በወዲህ አባቴና ጓደኞቹ። እነ አባቴ «አላሉ!» ብለው ይጮሃሉ። ወንድሞቿ ሆዳቸው አልቆርጥ አለና በማላላት ፈንታ ወጠሩ። እነ አባቴም ወጠሩ። ሙሽራዋ መሀል ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ወደዚህ የለ፣ ወደዚያ የለ።

እሷ ታዲያ አለቀሰች? ምን ቆርጧት! ከዚያ ላይ ሆና «ወይ ሳቡኝ ወይ ጣሉኝ! እንደ ቋንጣ ሰቅላችሁኝ ልትውሉ ነው?» ብላ ሁለቱንም ወገን ሰደበቻቸው። ወንድሞቿ ሲስቁ ገመዱ ላላ፤ እሷም ተሻገረች። አባቴ ይኼን ሲያወራ ሁልጊዜ ወደኔ ዞሮ «ምላስሽን የወረስሽው ከዚያች ገመድ ላይ ነው» ይለኝ ነበር። ደግሞ «ሁለቱም ወገን ከወጠረ ሰው አይሻገርም። አንዱ ሲስብ ሌላው ማላላት አለበት» ይል ነበር።

የሳብሪያ ፈረንጅ ገመዱ ከላላ ይሞታል። የኛው ደግሞ ካልላላ አያሻግርም። አንድ ገመድ፣ ሁለት ሕግ።

እኔስ ምኑን ነው የማላላው? አትምጪ ያለችው እሷ! እኔ «ልምጣ?» ብያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይላላል?

ሐምሌ 22

መንገድ ተዘጋ። ኡበይዳ ሞጣ ቀርቷል። ዘሚራ ከስልኳ አትለይም።

ፍቅረ ሥላሴ ሻይ ላከልኝ። ለምን? ፊቴ ላይ ምን አይቶ? መለስኩለት። ከመለስኩት በኋላ ሻዩ አማረኝ።

ሐምሌ 29

የአባቴ ተዝካር ዕለት ምን እንዳልኩ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው አላውቅም። ስለ ሌላው ሰው ምላስ ገጽ በገጽ ሞልቼ፣ የራሴን ዘልዬዋለሁ።

እናቴ የሞጣውን ቤት ለጥሩአየሁ አጽፋ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ድንኳን ውስጥ ከሰው አፍ ነው። ካህናቱ ተቀምጠዋል፣ ሰው እየበላ ነው። ተነሳሁ። «አራተኛ ክፍል ላይ አውጥታ ይቺን ልጅ በአንቀልባ አሸከመችኝ፤ አሁን ደግሞ ቤቱን ለዚችው ሰጠች!» አልኩ። እስከዚህ እውነት ነው፤ በማንም ችሎት እቆምበታለሁ። እዚያ ላይ ባቆም። ማቆም አላውቅም። ወደሷ ዞርኩና «ምነው ያን ቀን ገመዱ በተበጠሰ!» አልኳት።

አንድ ሽማግሌ «በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ የያዘችውን ትሪ መሬት አስቀመጠች። «በቁሜ ደጄን እንዳትረግጪ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። በሕይወቷ ቀስ ብላ ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ገመዱ ቢበጠስስ እኔ የት ልወለድ ኖሯል? ይኼን ያሰብኩት ስመለስ፣ አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ሲደርስ ነው።

ወረቀት ላይ ቢሆን እሰርዘው ነበር።

ነሐሴ 3



ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት ቀን ሸራዬን ሳልዘረጋ ቀረሁ። ዘሚራ ሩዝ በዘይት ሠርታ መጣች፤ «የጾምሽ ነው፣ አትፍሪ» ብላ። ዳዊቴን ከትራሴ ላይ አንስታ ወደ ጠረጴዛው ስታሻግረው ያ ወረቀት ወደቀ። «ተይው!» አልኩ። ዘግይቻለሁ። ጮክ ብላ አነበበችው።

«አትምጪ፤ እናታችን አለች!» ስትል «ለ»ዋን አጠበቀቻት። ረግጣ። «አልሐምዱሊላህ! ይኸው አለች እኮ! በሕይወት አለች፣ መንገዱ ክፉ ነውና አትንገላቺ ማለቷ ነው። ምነው ይኼን ሁሉ ቀን የደበቅሽኝ?»

«እስኪ ድገሚው።»

ደገመችው።

«እስኪ አሁንም።»

«ኧረ ፈንቴ፣ ምን ሆነሻል?»

ምን ሆኛለሁ! እኔ አላልቼ ነዋ ያነበብኩት። ሲላላ እናቴ ተናገረች ነው፤ አትምጪ ብላ ከለከለችኝ ነው። ሲጠብቅ እናቴ አልሞተችም፣ አለች ነው። ያንን የችሎት ልጅ በሰው ፊት «አላላው!» ብዬ ያዋረድኩት እኔ፣ በአንዲት «ለ» ሠላሳ አራት ቀን ተቀበርኩ። አንድ ሰው ቢያነብልኝ በቃኝ ነበር። የሚያነብልኝ ሰው አጥቼ ሳይሆን፣ እፍረቴን ላለማስነበብ።

ለዘሚራ ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም። «ኡበይዳ መንገድ ሲከፈት ይመጣል፣ ኢንሻአላህ፤ ሻንጣሽን አዘጋጂ» ብቻ አለች።

ነሐሴ 5

መንገድ ተከፍቷል። ኡበይዳ ዛሬ ገብቶ ነገ በጠዋት ይመለሳል።

«እትዬ፣ ከኋላ ሽንኩርቱ ላይ ነው ቦታ ያለው» አለኝ።

«ቃሪያም ላይ ቢሆን።»

«አንድ ነገር ግን! ኬላ ላይ ስምሽን ሲጠይቁሽ ስምሽን ብቻ።»

«ስሜ ረዘመብህ?»

«ስምሽ አይደለም፤ አስተያየትሽ ነው የሚረዝመው።»

ነሐሴ 6

ሦስት ኬላ። ሦስቱም ላይ «ፈንታነሽ» አልኩ። ሌላ አልተነፈስኩም። ኡበይዳ በመስታወት ያየኛል፣ አያምንም። ሞጣ ደረስን። በሩን አየሁት። እጄ አንኳኳ።

ነሐሴ 7

አለች። እናቴ አለች።

ትናንት በሩን የከፈተችው ጥሩአየሁ ናት። «መጣሽ?» አለችኝ፤ እንኳን ደህና መጣሽ አይደለም። አርጅታለች፤ ያቺ ያዘልኳት ልጅ ፀጉሯ ሸብቷል። እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ የግራ ፊቷ ወርዷል፣ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሏል። እግሯ ሥር ወድቄ «እምዬ!» አልኳት። አየችኝ።

«አትናገርም» አለች ጥሩአየሁ። «በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ሕመሙ ለሁለተኛ ጊዜ መጣባትና አንደበቷን ወሰደው። እስከዚያማ ትናገር ነበር።»

ጓዳ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጥበቁን፣ መላላቱን፣ ዘሚራ እንዴት እንዳነበበችው። «ወረቀትሽን ተሳስቼ አንብቤው ነው የቀረሁት» አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ጥሩአየሁ መስማት ትችላለች።

«አልተሳሳትሽም» አለችኝ። «ላልቶ ነው። እናታችን ናት ያለችው። ያንቺን ወረቀት ሳነብላት ‹አትምጪ በያት› አለች።»

ዕቃ መደርደሪያውን ያዝኩ።

«ከዚያ ሳቀች፣ ባንድ በኩል አፏ። ‹ነይ ካልኳት ትኮራብኛለች፤ አትምጪ ካልኳት ግን እንደ ልማዷ እምቢ ብላ ትመጣለች› አለች። አልጋዋን ወደ በሩ ያዞርኩትም እሷ አዙሪልኝ ብላኝ ነው። አንደበቷ እስኪያዝ መኪና በሰማች ቁጥር ‹ይቺ እሷ ናት› ትል ነበር።»

«ምነው ታዲያ ይኼን ጨምረሽ ብትጽፊልኝ!»

«እሱን ከጻፍኩትማ ምኑን እምቢ ትያለሽ?» አለች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «አንቺ ሴት፣ በዕድሜሽ ታዘሽ ታውቂያለሽ? ያን ቀን ብቻ ምን ነካሽ?»



ነሐሴ 9

አጥሚት በማንኪያ ነው የምትወስደው። ከጥሩአየሁ እጅ ትወስዳለች። ከእኔ እጅ ከንፈሯን ገጠመች።

«ይቅር በይኝ እምዬ» አልኳት። እዚያ ላይ ባቆም። ወረቀቱን ማስረዳት ጀመርኩ፤ ከወረቀቱ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ አራተኛ ክፍል። ጥሩአየሁ ከጓዳ «አሁንም ትከራከሪያታለሽ?» አለችኝ። ቀና ስል እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። መዞር ትችላለች፤ በደህናው ጎኗ።

ነሐሴ 11

ጠዋት እምቢ። ቀን እምቢ። ማንኪያውን ለጥሩአየሁ ሰጠሁ፤ አፏን ከፈተች። ጎረቤት ሊጠይቁ መጥተው «ትልቋ ልጅ ናት?» ሲሉ ሰማሁ፤ «አዎ፣ ያቺ ናት» አለች አንዷ። ያቺ።

ነሐሴ 14

ጥሩአየሁ ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄደች፤ ኪዳነ ምሕረትን ስማ እስክትመለስ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ነጠላዬ በዝናብ ርሶ ስለነበር የሷን ከሚስማሩ አውርጄ ለበስኩ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ቀስ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አስነካሁት። ከፈተች። ግማሽ ማንኪያ። ዋጠች። ደግሞ ከፈተች። ድምፄን እንዳትሰማ ትንፋሼን ይዤ፣ ሳሌን ይዤ፣ አገጯን በጠርዙ እየጠረግሁ እስከ ጎድጓዳው ሳህን ቂጥ ድረስ አበላኋት። በመጨረሻ ቀኝ እጇን አንስታ የነጠላውን ጥለት ያዘችና እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።

የበላችው ጥሩአየሁ መስዬአት ይሁን እኔ መሆኔን አውቃ፣ አላውቅም። አልጠየቅኋትም።